የዘይቱ ዋጋ የሚወሰነው የት ነው?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የማዘወትራት አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቷ የአባቴ እኩያ ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። ምክር ደግሞ ይመርቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ግድም፣ ከተማችን ገና የጦርነቱን አቧራ እያራገፈች ሳለ፣ ባለ አምስት ሊትሩ ዘይት ዋጋው እንደ ጉድ ወጣ። ደንበኛው ሁሉ የሚጮኸው እሳቸው ላይ ነበር። እኔም ተራዬ ደርሶ ፊቴን ሳጠቁርባቸው ትኩር ብለው አዩኝና፣ «አንተ እንኳ ተምረሃል። ይኼን ዋጋ የማወጣው እኔ መሰልኩህ?» አሉኝ።

«ግሎባላይዜሽን ነው ጋሼ» አልኳቸው፤ ለመገላገል ያህል።

«እሱ ደግሞ ሱቁ የት ነው?»

ሳቅንና ተለያየን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

በመጽሐፍ አማርኛ «ሉላዊነት» ይባላል። ትምህርት ቤት «ዓለም አንድ መንደር ሆነች» እያሉ ነበር ያስተማሩን። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። መንደር ውስጥ ሰው ይተዋወቃል። ዕድር አለ። ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። በዓለም ገበያ ላይ ግን ማን ማንን ይሸመግላል? ለእኔ ነገሩ ሌላ ነው። አይተኸው የማታውቅ ሰው፣ አንተን ሳያስብህ፣ ሩቅ ቦታ ላይ አንድ ነገር ይወስናል። አንተ ጋ ዋጋ፣ ሥራ ወይም ዕዳ ሆኖ ይደርሳል።

እስቲ ያንን ጀሪካን ተከትለን እንሂድ።

አገራችን የምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በብዛትም የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ የፓልም ዘይት ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ተጀመረ። ዩክሬን የሱፍ ዘይት ለዓለም በመሸጥ አንደኛ ነበረች። የጥቁር ባሕር ወደቦቿ ሲዘጉ የሱፍ ዘይት ገዢው ሁሉ ፊቱን ወደ ፓልም አዞረ። ፓልም ተወደደ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ እንኳ፣ ዘይቱ በሚመረትበት አገር፣ እናቶች ዘይት ፍለጋ ተሰለፉ። መንግሥታቸው ሚያዝያ 20 ቀን የፓልም ዘይት ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። ክልከላው አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ ተነሣ። ገበያ ግን ፈሪ ነው። ነገ ይጠፋል ያለውን ዛሬ ያስወድደዋል።

የጃካርታው ሹም ስለ ሰኞ ገበያ አላሰበም። ያሰበው ስለ ራሱ ሕዝብ ነው። ሊወቀስም አይችልም። የእኛ ጋሼ ግን የእሱን ውሳኔ ተሸክመው ይሰደቡ ነበር።

ነገሩ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ባቲ አለች። የሰኞ ገበያዋን ያላየ ወሎን አየሁ አይበል። የአፋር ግመል፣ አሞሌ ጨው፣ የደጋ እህል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ እዚያ ሲገናኙ ዘመናት አልፈዋል። መገበያያውስ ምን ነበር? ጠገራ ብር። ጠገራው ላይ የተቀረጸችው ሴት የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ከሞተች በኋላም ብሯ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ እየታተመ ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ ይጎርፍ ነበር፤ ነጋዴው ሌላ ምስል አልቀበል ስላለ። ቬየና ያሉ ሰዎች የባቲን ነጋዴ አመል ጠብቀው ብር ያትሙ ነበር ማለት ነው። ያኔ እኛም ትንሽ የመምረጥ አቅም ነበረን። ዛሬም ጠገራውን አንገቷ ላይ አስራ ገበያ የምትወጣ እናት አትጠፋም።

ታዲያ አዲሱ ምንድን ነው? ፍጥነቱና ርካሽነቱ። አንዱ ትልቅ ምክንያት ደግሞ ሁላችንም በየመንገዱ የምናየው የብረት ሳጥን ነው፤ ኮንቴይነር። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 ኮንቴይነሮች በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒውጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ በጆንያና በሣጥን፣ በወዛደር ጀርባ ነበር የሚጫነው። አንድ ቶን መርከብ ላይ ለማውጣት ከአምስት ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። በኮንቴይነር ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ያቺ ሳጥን ባትኖር የቻይና ጨርቅ ኮምቦልቻ መጥቶ ተሰፍቶ አሜሪካ መሸጥ አይታሰብም ነበር።

ለእኛ ግን መንገዱ እንደ ሌላው አጭር አይደለም። ድሮ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ወደቡ አሰብ ነበር። ሾፌሮቻችን የአሰብን ሙቀት እንደ ጎረቤት ነው የሚያወሩት። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ያ በር ተዘጋ። አሁን ከ90 በመቶ በላይ የአገሪቱ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ኮንቴይነሩ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ስለዚህ ቀይ ባሕር ላይ የሚሆን ነገር ሁሉ ይመለከተናል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን መምታት ሲጀምሩ ብዙ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መሄድ መረጠ። በቀይ ባሕር የቀረው ኢንሹራንሱ ጨመረበት። ከየመን ሚሳኤል ጋር የጋሼ ሳሙና ምን አገናኘው? አገናኘው።

አሁን ወደ ዋናው ወገብ የሚያጎብጥ ነገር እንምጣ፤ ወደ ዶላር።

ነጋዴዎች «ኤልሲ ከፈትኩ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ምን ማለት ነው? እዚህ ያለው አስመጪ ማሌዥያ ያለውን ሻጭ አያውቀውም። ሻጩ «ገንዘቤን ሳላይ አልጭንም» ይላል። ገዢው «ሳይጫን አልከፍልም» ይላል። ባንክ መሃል ይገባል። ለሻጩ፣ «ዕቃው ለመጫኑ ሰነድ አምጣልኝ፤ እኔ እከፍልሃለሁ» ብሎ ዋስ ይሆናል። የእኛን ባንክ ቃል ግን ማሌዥያ ያለው ሁሉ አያምነውም። ስለዚህ ሌላ ትልቅ የውጭ ባንክ ለዋሱ ዋስ ይሆናል፤ ኮሚሽኑን ቆርጦ። በባንኮቹ መካከል ያለው መልእክት የሚተላለፈው በስዊፍት ነው፤ ቤልጂየም የተቀመጠ ድርጅት ነው። ይህ ሁሉ አልፎ መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ብር አይደለም። ዶላር ነው።

ብር ያለው ዶላር የለውም። ለዓመታት ነጋዴው ባንክ በር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ኖረ፤ ያልቻለው ጥቁር ገበያ ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የምንዛሬውን ዋጋ ገበያው እንዲወስን ለቀቀው። ዋዜማውን 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በነጋታው ንግድ ባንክ ላይ 74 ብር ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ለአራት ዓመት የሚከፋፈል 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ፤ አንዱ ቢሊዮን እርዳታ፣ ግማሽ ቢሊዮኑ ብድር። አጋጣሚ አይደለም። ምንዛሬውን መልቀቅ ለብድሩ በር ከፋች ነበር።

ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ዶላር ወረፋ ሲኖረው የሚጠቀመው ወረፋ የሚያሳልፍ ዘመድ ያለው ነው፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ውጭ የሚሸጥ ሰው፣ ለምሳሌ የቃሉ ወረዳ ማሾ ነጋዴ፣ ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ደመወዙ በብር የሆነ መምህር ግን ጠዋት ተነሥቶ ድሀ ሆኖ አገኘው። ከሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው፤ መድኃኒቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ሕመሙ ግን የሚበረታው ቋሚ ደመወዝተኛው ላይ ነው።

አይኤምኤፍን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ድርጅቱና የዓለም ባንክ የተጸነሱት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በተባለ ቦታ ነው። 44 አገሮች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ጣሊያን ከደሴና ከኮምቦልቻ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ስለነበር ወንበር አልነበረውም፤ እኛ ነበረን። ወንበር ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አይኤምኤፍ ውስጥ ድምፅ የሚቆጠረው እንደ አክሲዮን ነው። አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ድምፅ አላት። ትልልቅ ውሳኔ 85 በመቶ ድጋፍ ይፈልጋል። ሒሳቡን ሥሩት፤ እሷ ካልፈለገች አያልፍም። የእኛ ድርሻ አንድ በመቶ ቀርቶ የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ሐረጎን እንውረድ። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ደሴ ላይ የደረብነውን ጃኬት አውልቀን ኮምቦልቻ እንገባለን። ሉላዊነትን በአንድ ቀን ለማየት ከኮምቦልቻ የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ሼድ ተከራይተው ከገቡት መካከል ደግሞ የጣሊያንና የአሜሪካ ድርጅቶች ነበሩበት። ለምን ኮምቦልቻ? አንዱ መልስ አጎዋ ነው። አጎዋ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሕግ ሲሆን ከተመረጡ የአፍሪካ አገሮች የሚመጣ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የፈቀደ ነው። ጨርቁ ከቻይና ይምጣ፣ ክሩ ከሌላ አገር ይምጣ፤ እዚህ ከተሰፋ ለእኛ ዓይነቱ ድሀ አገር ቀረጥ አልነበረም። ያለ አጎዋ አንድ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ ይቀረጥ ነበር። ከሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 32 በመቶ። አምስት ዶላር በሚያወጣ የጥጥ ቲሸርት ላይ ወደ 82 ሳንቲም ነው። ትንሽ ይመስላል። በሚሊዮን ለሚያዝ ገዢ ግን አገር የሚያስቀይር ሳንቲም ነው።

ሁለተኛው መልስ ደመወዝ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሐዋሳ ፓርክ ላይ ባደረጉት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነው። የጥናቱ ሰዎች ከእኛ ያነሰ አላገኙም። ባለሥልጣኖቻችን ያን ርካሽነት እንደ ማስታወቂያ ይጠቀሙበት ነበር። እኔ ስሰማው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የጦር ሜዳ ሆኑ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ የቀረው ንብረት ምን እንደሚመስል የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ወር ሳይሞላ ታኅሣሥ 23 ቀን አሜሪካ ከጦርነቱ የሰብአዊ መብት ጥሰት ጋር አያይዛ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣች። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ከኢኮኖሚው አንጻር ግን ነገሩን አስቡት፤ ማሽኗ ፊት የተቀመጠች የኮምቦልቻ ልጅ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ መጀመሪያ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ቅጣቱ ደረሰባት። አንዱንም አልወሰነችም።

እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ የውጭ ኩባንያ አለ፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን የሆነው ቢጂአይ ቢራ። እኔ ባልጠጣውም ጥሩ ምሳሌ ነው። ቢራው የሚሸጠው ለእኛው ሰው ነው። ስለዚህ ጋኖቹን ነቅሎ ቬትናም አይሄድም፤ ገበያው እዚህ ነው። የስፌት ድርጅቱ ግን ሼዱ የኪራይ፣ ጨርቁ የውጭ፣ ገዢው የውጭ ነው። ማሽኑን ኮንቴይነር ውስጥ ከትቶ ሌላ አገር ቢሄድ ማንም አይዘውም። «የውጭ ኢንቨስተር መጣ» ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ለማን ሊሸጥ? ለእኛ የሚሸጠው በቀላሉ አይነቀልም፤ ግን ትርፉን በዶላር ሊወስድ ይፈልጋል። ለውጭ የሚሸጠው ዶላር ያመጣል፤ ግን አንድ እግሩ ሁልጊዜ በር ላይ ነው።

ስለ ዕዳ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ባቡሩ ይታዘበኛል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው ሐዲድ ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ገንዘቡ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና በስዊዘርላንዱ ክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከመጣ ብድር ነው። የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ሲጓተት ጦርነቱ ደረሰና ንብረቱም ተጎዳ። ሐዲዱን በየጊዜው አየዋለሁ። ተሳፍሬበት ግን አላውቅም። የሚገርመው፣ አበዳሪው ክሬዲት ስዊስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተንገዳግዶ በሌላ ባንክ ተጠቀለለ። ባንኩ ጠፋ። ብድሩ አልጠፋም፤ ብድር ከባንክ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

ሌላው ዕዳ ዩሮቦንድ ይባላል፤ አገር ለውጭ ባለገንዘቦች የምትሸጠው የዕዳ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2014 አገራችን ከውጭ ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የአሥር ዓመት። ያኔ ዶላሩ 20 ብር ገደማ ስለነበር ዕዳው በብር ሲሰላ 20 ቢሊዮን ነው። በ130 ብር ስታሰሉት 130 ቢሊዮን ይሆናል። አንድ ዶላር ሳንጨምር ማለት ነው! ከጎረቤት በጤፍ ተበድሮ፣ ጤፉ ሲወደድ መክፈል እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላሩ ወለድ መክፈያ ቀን ደርሶ ሳይከፈል ቀረ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ድርድር ነበር፤ መንግሥታት ከሆኑ አበዳሪዎች ጋር አንድ፣ ቦንዱን ከገዙት ጋር ሌላ። ቻይናም ፈረንሳይም፣ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው የገንዘብ ፈንዶችም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

የውጭ ባንኮችስ? ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንክ በሩ ተከፍቷል። በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ ከ49 በመቶ አይበልጥም። ጋሼን ይጠቅማቸዋል? በቶሎ አይመስለኝም። የውጭ ባንክ መጀመሪያ የሚፈልገው ትልልቁን ደንበኛ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዶ ለዘይት ነጋዴ የሚያበድርበትን ቀን እናያለን።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ሸቀጥ ቪዛ አይጠየቅም። ገንዘብ በሰከንድ ይሻገራል። ሰው ሲሆን ግን አጥር አለ። ከወሎ የማይመለከተው ቤት የለም፤ ጅዳ ወይም ሪያድ ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ የቤት ሠራተኛ አስቡ። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 266 ዶላር ነው። የሐዋሳው መነሻ 26 ነበር። አሥር እጥፍ። ፋብሪካ ሠራተኛ አልበረክት አለው ሲባል ለምን እንደሚገርመን አይገባኝም። ግን የምትሄደዋ ልጅ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ ኖሯል፤ «ከፋላ» በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ሕጋዊ ወረቀት በሌላቸው የውጭ ሠራተኞች ላይ ስትዘምት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመልሰዋል። ቲሸርት አይባረርም።

በዚህ ሁሉ መሃል ሁሉን በዓለም ላይ ማላከክም ልክ አይደለም። ለባለሥልጣንም ለነጋዴም በጣም የሚመች ሰበብ ነው። በየኬላው የሚጠየቅ ገንዘብ ከጃካርታ አልመጣም። ዘይት ደብቆ ነገ ይወደድልኛል ያለ ነጋዴም እዚሁ የእኛው ሰው ነው። ጋሼ ራሳቸው ይህን ሲሰሙ፣ «እሱስ ልክ ነው፤ ወላሂ» ብለው ወደ ጓዳ ዞር አሉ።

ባለፈው ሄጄ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። መሃል ላይ ስልካቸው ጮኸ። ጅዳ ያለችው የእህታቸው ልጅ የድምፅ መልእክት ልካለች። ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት።

«አጎቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዛሬ ሪያል በባንክ ስንት ገባ? ዘይትስ ስንት ሆነ? እሱን አይቼ ልላክ ብዬ ነው።»

ስልኩን ወደ እኔ አቀበሉኝ። «በል፤ አንተ መልስላት» አሉኝና ለቀጣዩ ደንበኛ ሳሙና ለማውረድ ተንጠራሩ።